የጀሶው ጠበል

ፌስቲ ጋቫን ከእኔ ቤት በአንድ ካብ ብቻ የተለየ ጎረቤቴ ነው። ካቡንም የሠራው ራሱ ነው። በዚህ በምዕራብ አየርላንድ ዳርቻ መሬቱ ከሁሉ አብልጦ የሚያበቅለው ድንጋይ ነው፤ ፌስቲ ያንን ድንጋይ ያለ ጭቃና ያለ ሲሚንቶ፣ አንዱን በአንዱ ላይ እያሳረፈ ሲክበው የባሕሩ ንፋስ በመሃሉ ያልፍበታል እንጂ አይጥለውም። ሥራው ይኸው ነው፤ ካብና በግ። ከዚያ የተረፈውን ጊዜ እናቱን ይጦርበት ነበር። እናቱ ስታርፍ እሱ አርባን አልፏል፤ አላገባም፣ ማግባት እንደሚፈልግም ለማንም ተናግሮ አያውቅም። ለነገሩ ፌስቲ የሚፈልገውን ነገር ለማን ተናግሮ ያውቃል?

መልኩን አስቀድሜ ልናገር፣ ጣጣው ሁሉ የመጣው ከመልኩ ነውና። ጆሮዎቹ ሰፋፊ ናቸው። አፍንጫውን ልጅ ሆኖ አውራ በግ ወግቶ አጣሞበታል። ሴት ስታናግረው ደግሞ ከአንገቱ ጀምሮ እስከ ጆሮው ጫፍ ይቀላል፣ ምላሱም ይተሳሰራል። «አንተ ሰው፣ ቤትህ ቢቃጠል እንኳ መጥተህ ደጄ ላይ ቆመህ ቆብህን ታሽከረክራለህ እንጂ እሳት ተነሳ አትለኝም» እለው ነበር።

«እውነትሽን ነው እትዬ ዊኒ» ይለኛል። ጨዋታችን በአብዛኛው ይኸው ነው።

ፊልም ሠሪዎቹ የመጡት እናቱ ባረፈች በዓመቱ ነው። የምንሠራው የገጠር ፍቅር ነው አሉን። አንዲት የከተማ ልጅ መንገድ ጠፍቷት ከአንድ መንደር ትደርሳለች፤ እዚያ ካለ አሮጌ ጠበል ላይ ስታጎነብስ የሚያገባት ሰው ፊት ውሃው ውስጥ ይታያታል፤ ሰውዬው ግን የተረገመ ኖሮ ዝናብ በጣለ ቁጥር ዝይ ይሆናል። እዚህ አገር ዝናብ በጣለ ቁጥር ዝይ የሚሆን ሰው መቼ ተመልሶ ሰው እንደሚሆን እንጃ። ይህንኑ ዋናውን አዘጋጅ ብጠይቀው ሳቀና ዶሮዎቼን ለፊልሙ አውሽኝ አለኝ።

እውነተኛ ጠበል አጥተን አልነበረም። ከመቃብሩ ጀርባ አለን፤ ሳማ የወረሰው፣ ዙሪያው ጭቃ የሆነ፣ አንድ ያለፉ ቄስ የሲሚንቶ ክዳን ያበጁለት። ለፊልም አያምርም ተባለ። ስለዚህ በፌስቲ የታችኛው ማሳ፣ ከእሾሃሙ ዛፍ ሥር፣ በእንጨትና በሽቦ አዲስ ጠበል አቆሙ። ላዩን በጀሶ ለስነው ድንጋይ አስመሰሉት፤ የድንጋይ ሽበት ሳይቀር በቀለም ሣሉበት። ቄሳችን ራሳቸው መጥተው በመዳፋቸው ዳሰሱትና በመገረም ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ። ውሃው ከካቡ ጀርባ ከተደበቀ በርሜል በቱቦ ይመጣል። ቀረጻው አልቆ ሊያፈርሱት ሲሉ ፌስቲ ቆቡን አወለቀና «ተዉልኝ፣ ለበጎቼ ገንዳ ይሆነኛል» አላቸው። እነሱም የማፍረሱ ሥራ ቀረላቸውና ትተውለት ሄዱ።

ፊልሙን በሰበካው አዳራሽ አሳዩን። የጀግናው እጅ አካፋ ነክቶ የማያውቅ እጅ ነው፤ በጎቹም በሳሙና የታጠቡ ይመስላሉ። ቀይዋ ዶሮዬ ግን በእውነት ጥሩ ሠርታለች። አገራችን እንዲህ ታምር እንደነበር አላወቅንም ብለን ስቀን ወጣን።

ከዚያ ሰው መምጣት ጀመረ። ከአባቶቻችን ጀምሮ እዚህ ጭንቅ ያለበት ሰው ወደ ጠበል ይሄዳል፤ ጸሎቱን እያደረሰ በፀሐይ አዟዟር ይዞራል፣ በዞረ ቁጥር ጠጠር ይጥላል፣ ከልብሱ ቀዶ አጠገቡ ካለው ዛፍ ላይ ጨርቅ ያስራል። ጨርቁ ሲበሰብስ ጭንቁም አብሮ ያልቃል ይባላል። በዚህ አልቀልድም፣ እኔም ለጉልበቴ አስሬ አውቃለሁ። ግን ፊልሙን ያየ ሁሉ እየመጣ የፌስቲን የበግ ገንዳ ሲዞርና ሲሳለም ማየት ሌላ ነገር ነው። ጠዋት በግ የጠጣበትን ከሰዓት ሰው ይሳለመዋል። ሻይ ቤቱ ገበያ አገኘ፣ ዳቦ ጋጋሪዋ ገበያ አገኘች፣ ሰፈሩም ዝም አይነቅዝም ብሎ አፉን ያዘ። እኔን የጠየቀኝ ቢኖር እውነቱን እነግረው ነበር። የሚጠይቁኝ ግን መጸዳጃ ቤት የት እንደሆነ ብቻ ነው።

አትራክታ ስካንላን የመጣችው በጸደይ ነው፤ ከወዲያኛው ሰበካ፣ በአውቶቡስ። የሙሽራ ልብስ ሰፊ ናት። የሰውን ሙሽራ ሁሉ ስታለብስ የራሷ ዘግይቶባታል፣ ሠላሳን ከዘለለች ቆይታለች። ጣቷ ላይ ግን ቀለበት ነበረ። ማላኪ የሚባል የወተት ቦቴ ሹፌር አጭቷታል። ማላኪን በዚህ ወረዳ የማያውቅ የለም፤ ክፉ ቃል የማይወጣው፣ መንገድ ላይ የተበላሸ መኪና ካየ ሳያቆም የማያልፍ ሰው ነው። እሷም ይህን ታውቃለች። ልቧ ግን አልቆረጠላትም፣ ለዚያም ነው ጠበል ፍለጋ የመጣችው።

ፌስቲ ባልዲውን ይዞ ከበርሜሉ ሲመለስ አገኘችው። «ይቅርታ ጋሼ» አለችው፣ «ይሄ ጠበል የድሮ ነው?»

መልሱ አንድ ቃል ነበር። ፌስቲ ግን ቀና ብሎ አያት፤ ፊቷ ላይ ያለውን ተስፋ አየና እንዳይከፋት ፈለገ። «የአያቴ አባት ከዚህ ጠጥቷል» አላት። በዕድሜው ለማያውቃት ሴት የተናገረው ረጅሙ ነገር ይኸው ነው፣ እሱም ውሸት ሆነ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፣ ተከትለው አይይዙትም።

ሁለተኛ መጣች። ዘቢብ ያለበት ዳቦ ጋግራ ይዛ ነበር። ካቡ ላይ ተቀምጣ ስለ በጎቹ ጠየቀችው፣ እሱም መለሰላት። በዓይኔ ባላይ አላምንም ነበር፤ ፌስቲ ያወራል። ክፉ ድንጋይ የሚባል እንደሌለ፣ ቦታውን ያላገኘ ድንጋይ ብቻ እንዳለ ይነግራታል፤ እሷ ትስቃለች። አውቶቡሱ ሊያመልጣት ደርሶ ሮጣ ሄደች። እሱ ግን አውቶቡሱ ከኩርባው ከተሰወረ በኋላም የማሳውን በር ይዞ ቆሞ ነበር። ምን እንደያዘው ያን ጊዜ ገባኝ።

ከዚህ ቀጥሎ የሆነውን የነገረኝ ራሱ ነው። ሦስተኛ የመጣች ቀን እሱ ከካቡ ጀርባ ቁጢጥ ብሎ በርሜሉን ይሞላ ነበር። ጠጠሮቿን ስትጥል ሰማ። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ማላኪ ከሆነ የሱን ፊት አሳየኝ። ካልሆነም ቁርጤን ልወቅ» ስትል ሰማ።

«እንደተቀመጥኩ መቅረት እችል ነበር» አለኝ ፌስቲ።

«ታዲያ ምን አደረግህ?»

«ተነሳሁ። በካቡ ላይ ወደ ውሃው አጎነበስኩ።»

«ለምን?»

«እንድታየኝ።»

ውሃው ውስጥ አየችው፤ ጠማማው አፍንጫ፣ ሰፋፊው ጆሮ፣ ሁሉም። ፊቷ ነጣ። ቀና ብላ አንዴ አየችውና ሳታናግረው ሄደች። በዚያው ሳምንት ለማላኪ ቀለበቱን መለሰችለት። ከዚያ መጣችና ፌስቲን «አንተ ነህ» አለችው። እሱም አይደለሁም አላላትም። ሠርጉ ለመከር ተቆረጠ።

መጀመሪያ ላይ ደስታው መሬት አላስረግጥ ብሎት ነበር። ያፏጫል፤ ፌስቲ ሲያፏጭ ሰምቼ አላውቅም። ወሩ ሳያልቅ ግን ፉጨቱ ቆመ። አትራክታ ስታየው የምታየው ሰውን አልነበረም፤ ከላይ የተላከላትን ነገር ነው። «አንተ እኮ ተልከህልኝ ነው» ስትለው፣ እሱ ምንም ያልሆኑ በጎች አይቼ ልምጣ ብሎ ይወጣል። ሰውነቱ መነመነ፣ ሱሪው በቀበቶ እንኳ አልቆም አለው። ጠበሉን ማጽዳት ተወ፤ ወደ ታችኛው ማሳ ሲወርድ ዞሮ በሩቁ ነው የሚያልፈው። ሰው ደስ ሲለው እንዲህ አይከሳም ብዬ ዝም ብዬ አየው ነበር።

በበጋው የበግ ገበያ ላይ ማላኪ ፊት ለፊት መጣበት። ፌስቲ አንዲት እምቢተኛ በግ መኪናው ላይ ሊጭን እየታገለ ነበር። ማላኪ ግዙፍ ሰው ነው። ፌስቲ ይመታኛል ብሎ ቆሞ ጠበቀ፤ ቢመታው ደስ ባለው ነበር። ማላኪ ግን በጓን ከእጁ ተቀብሎ አነሳና መኪናው ላይ አስቀመጠለት።

«እንኳን ደስ ያለህ» አለው።

ፌስቲ ቆቡን አውልቆ ያዘ።

«አትፍራኝ ወንድሜ። ሰው ቀምቶኝ ቢሆን ኖሮ አልለቅም ነበር፣ ታውቀኛለህ። ከጠበል ጋር ግን ምን ብዬ ልጣላ? ከላይ የመጣውን ማን ይመልሰዋል?» ትንሽ አሰበና «ብርድ አትችልም» አለው። «መኝታ ቤቱን አሙቅላት።»

ፌስቲ በጎቹን ሳያወርድ በቀጥታ ወደ እኔ ነዳ። በጎቹ ደጄ ላይ እየጮሁ እሱ ወጥ ቤቴ ተቀምጦ ሁሉንም ዘረገፈው፤ ጠበሉን፣ የአያቱን አባት፣ ማጎንበሱን።

«ሌባ ነኝ እትዬ ዊኒ» አለኝ። «ሌባ እንኳ ይሻላል። ሌባን የተሰረቀው ሰው እንኳን ደስ ያለህ አይለውም።»

«ንገራት።»

«ትሄዳለች።»

«ካልነገርካትስ?»

«ትኖራለች።»

«ከማን ጋር ነው የምትኖረው?» አልኩት። «ካንተ ጋር ነው ወይስ ከዚያ ከዝዩ ጋር?»

ድንችና ሥጋ አቅርቤለት ነበር፣ ሳይነካው ተነሳ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ብሎ አጉተመተመ። እያደር ይጠራል ብሎ መጠበቅ የፈሪ ዘዴ ነው አልኩት፣ ይህን በሩ ላይ ሆኖ ሰማኝ። ሰምቶም ሳይነግራት ሰነበተ።

የአትራክታ እናት ዴሊያ ሁለቱንም ዓይናቸውን ሞራ ጋርዷቸዋል። ብርሃንና ጥላ እንጂ ሌላ አይለዩም። ከተማ ካለው ሆስፒታል ለቀዶ ሕክምና ተመዝግበው ስንት ጊዜ ሲጠብቁ ኖረው፣ ያን በጋ ማለቂያ ላይ ተራቸው ደረሰ። ይህ ተራ ካለፈ እንደገና ከመጨረሻ ነው የሚጀመረው፣ ዓይኑም እስከዚያ አይጠብቅም ብሎ ሐኪሙ ተናግሯል። አትራክታ ግን ደስ ብሏት መጣችና ለፌስቲ «ሆስፒታሉን ትተነዋል» አለችው። «እማዬ ቢላዋ ዓይኔን አይነካኝም ብላለች። በቀጠሮዋ ቀን ጠዋት እዚህ ጠበሉ ይዣት እመጣለሁ።»

«ሁለቱንም ብታደርጉስ?» አላት ፌስቲ በቀጭን ድምፅ።

«እማዬን አታውቃትም። በአንድ እጄ እግዚአብሔርን በአንድ እጄ ሐኪም ይዤ አልቆምም ትላለች። ደግሞስ ለእኔ ያደረገ ለሷ የማያደርግበት ምን ምክንያት አለ?» ጉንጩን ስማው ሄደች።

ይህን ከነገረችው በኋላ እንቅልፍ የሚባል ነገር ጠፋ። አንዲት እናት በእሱ ጀሶ ምክንያት ልትታወር ነው። አሁን ሊነግራት ይነሳል፣ አውቶቡስ ማቆሚያው ድረስ ይሄዳል፣ ይመለሳል። እሷ ራሷ ስትመጣ ደግሞ ፊቷን ሲያይ ነገ ይሻላል ይላል። አንድ ቀን ሊናገር አፉን ከፍቶ ሠርጉ ላይ ሾርባ ይኑር ወይ ብሎ ጠየቃት። ነገ ነገ ሲል የቀጠሮው ቀን ደረሰ።

ያን ጠዋት ዶሮዎቼን እያበላሁ ስለነበር ሁሉንም አይቻለሁ። ዴሊያ ጥቁር ካፖርታቸውን ለብሰው፣ የልጃቸውን ክንድ ይዘው ቀስ እያሉ ይዞራሉ። በየዙሩ ጠጠር ይጥላሉ፣ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። ፌስቲ ከዛፉ ሥር ቆሞ ቆቡን ያሽከረክራል። የገንዳው ጠርዝ ላይ የበግ ጸጉር ተለጥፎ ነበር፤ እኔ ካለሁበት አይታየኝም፣ እሱ ግን ልቤ የቆረጠው ያንን ጸጉር ሳይ ነው አለኝ። ዴሊያ ዙሩን ጨርሰው ጎንበስ አሉና ውሃውን በእፍኛቸው ቀዱ።

«እማማ ዴሊያ፣ ዓይንዎን አያስነኩት» አለ ፌስቲ።

እጃቸው ባለበት ቀረ።

«ጠበል አይደለም። የበግ ገንዳ ነው።» የካብ መዶሻውን ከቀበቶው አውጥቶ የጠበሉን ጠርዝ አንዴ መታው። ጀሶው ተሸርፎ ወደቀ፣ ከሥሩ ሽቦው ወጣ። ከዚያ ከካቡ ጀርባ ዞሮ የበርሜሉን ክዳን አነሳና አትራክታን በእጁ ጠራት። ሄዳ አየች። ቱቦውን በዓይኗ ተከትላ እስከ ገንዳው ደረሰች።

«ፊልም ሠሪዎቹ ናቸው የሠሩት» አላት። «የአያቴ አባት ከዚህ አልጠጣም።»

«ፊትህስ?»

ይህን ጊዜ እንኳ ማምለጫ ነበረው። ሳላውቅ ነው፣ እንዲያው ከሥራዬ ቀና ስል ነው ቢል የሚመሰክርበት አልነበረም።

«ያልሽውን ሰምቼ ነው የተነሳሁት» አላት። «አውቄ ነው።»

አትራክታ አልጮኸችም፣ አላለቀሰችም። ብትጮህ ይሻለው ነበር። «ካብህ ላይ ተቀምጬ ግማሽ ቀን ሙሉ አወራሁህ» አለችው። «ለምን የተመለስኩ መሰለህ፣ ለበግ ወሬ? አፍ ነበረህ እኮ። አንዲት ቃል ብትለኝ ቀለበቱን ያን ቀን አወልቀው ነበር። አንተ ግን ባንተ ፈንታ ጠበል አስወራህ።»

ፌስቲ መዶሻውን ቀበቶው ውስጥ መለሰ።

«ማላኪን ምን ብዬ እንዳሰናበትኩት ታውቃለህ? ጥፋት የለብህም፣ ከላይ የመጣ ነው አልኩት። በእግዚአብሔር ስም አስዋሸኸኝ።»

ዴሊያ እርጥብ እጃቸውን በካፖርታቸው ጠረጉና «ሰዓት ስንት ሆነ?» አሉ። «ሆስፒታሉ እንዳይረፍድብን።»

የቀጠሮው ሰዓት ገና ነበር፣ ግን እስከ ከሰዓት አውቶቡስ የለም። በአካባቢው ያለችው መኪና የፌስቲ ብቻ ናት። እና አሁን የተወችው ሴት እዚያች በግ በግ በምትሸት መኪና ከኋላ ገብታ ተቀመጠች፣ እናቷ ከፊት፣ እሱ መሪውን ይዞ፣ የከተማውን ረጅም መንገድ ተያያዙት። ዶሮዬን ይዤ ቆሜ ሳያቸው በሕይወቴ እንዲህ ያለ ጉዞ አላየሁም አልኩ።

መንገዱ ላይ የተባለውን ዴሊያ ራሳቸው ናቸው ያጫወቱኝ። ብዙ ከሄዱ በኋላ «ልጄ አትወደኝም ያሰኘህ ምንድን ነው?» ብለው ጠየቁት።

«መልኬ ነው እማማ።»

«እኔ መልክህን አይቼው አላውቅም» አሉት። «ድምፅህን ግን ከመጀመሪያው ቀን ወድጄው ነበር። ብዙም አልሰጠኸንም እንጂ።»

ፌስቲ መንገዱ ደበዘዘበትና የዝናብ መጥረጊያውን አበራ። ዝናብ ግን አልነበረም፣ መጥረጊያው ደረቁን መስታወት ሲፍቅ ዴሊያ ሰምተዋል።

ሆስፒታሉ በር ላይ አትራክታ ወርዳ እናቷን አወረደች። «ለማላኪ ራስህ ንገረው» አለችው። «ከዚያ ወዲያ ወደ ቤታችን እንዳትመጣ።»

ፌስቲ ከዚያው በቀጥታ ሄደ። ማላኪ ወተት ፋብሪካው ግቢ ውስጥ ቦቴውን በውሃ ጎማ እያጠበ ነበር። ሲያየው ፈገግ አለለት። ፌስቲ ፈገግታው ሳይጠፋ ጀምሮ፣ ምንም ሳያስቀር፣ በጓን እስከጫነለት ቀን ድረስ ነገረው። ማላኪ ውሃውን ዘጋ።

«አሁን ለምን ነገርከኝ?»

«ማወቅ ይገባሃል ብዬ።»

«ለእኔ ብለህ ነው ወይስ አንተን ቀለል እንዲልህ?»

ፌስቲ አሰበበት። «ለይቼ አላውቀውም» አለ።

«እኔ እኮ ታርቄ ነበር» አለው ማላኪ። «አንሼባት አይደለም፣ ከላይ የመጣ ነው ብዬ ተኝቼ አድር ነበር። በግህን ጫንኩልህ። መኝታ ቤቱን አሙቅላት አልኩህ፣ አንተም ቆመህ ሰማኸኝ። ከጠበል ጋር መታረቅ ይቻላል። ካንተ ጋር ግን እንዴት አድርጌ ልታረቅ?» ውሃውን መልሶ ከፈተና ጀርባውን ሰጠው።

ፌስቲ ያን ሰሞን የቀረውን ጀሶ አፈረሰ። ዛፉ ላይ የታሰሩትን ጨርቆች ግን አልጣላቸውም። «የሰው ጭንቅ ነው፣ አይጣልም» አለኝ። ከመቃብሩ ጀርባ ያለውን እውነተኛውን ጠበል ሳማውን አጨደ፣ ጭቃውን ጠረገ፣ ጨርቆቹን አንድ በአንድ ወስዶ እዚያ አሰራቸው። ሻይ ቤቱና ዳቦ ጋጋሪዋ አኮረፉት፣ አንዳንዱም ሰላምታ ነፈገው። እሱ ከሁሉም ይገባኛል ብሎ ተቀበለ። በማላኪ ነገር ግን ጨርሶ አልተጽናናም፤ የሰውዬውን ሙሽራ መውሰዴ ሳያንስ እንቅልፉንም ወሰድኩ ይላል።

የገና በዓል ሲቃረብ ዴሊያ በአውቶቡስ ብቻቸውን መጡ። ወፍራም መነጽር አድርገዋል። የፌስቲን በር አንኳኩ፤ ሲከፍት ደጁ ላይ እንደቆሙ ፊቱን ከግራም ከቀኝም መረመሩት።

«ይሄ ነው እንዴ?» አሉ። «ለዚህ ነው ያ ሁሉ ጀሶ?»

ፌስቲ እስከ ጆሮው ጫፍ ቀላ።

«ልጄ አትምጣ አለችህ፣ አንተም እንደ ሕግ ይዘኸው ቁጭ አልክ። መስኮት መስኮት ስታይ ነው የከረመችው። አሁንም ሌላ እንዲናገርልህ ነው የምትጠብቀው?»

በማግስቱ ሄደ። ምን እንዳላት አላውቅም፤ አትራክታን ስጠይቃት «ብዙ አለ» ብቻ ትለኛለች። ወዲያው እሺ አላለችውም። በየእሑዱ እያስመጣች፣ ወንበር ሰጥታው፣ ያለ ጠበልና ያለ ዝይ ዓመት ሙሉ አስወራችው። ከዚያ ተጋቡ፤ ትንሽ ሠርግ ነበር፣ ሾርባም ነበረው። ይቅር ብለሽዋል ወይ ብላት «እየሞከርኩ ነው» አለችኝ፣ አሁንም የምትለኝ ይህንኑ ነው።

ማላኪ ከእኛ በላይ ካለው እርሻ ወተት ይወስዳልና ቦቴው በደጃችን ያልፋል። በዚህ አገር መኪና የሚነዳ ሰው ለመንገደኛ ሁሉ ከመሪው ላይ አንድ ጣት ያነሳል፤ ለጎረቤትም፣ ለባዕድም፣ ለውሻም። ማላኪ ለእኔ ያነሳል። ልብስ ለምታሰጣው ለአትራክታም ያነሳል። ፌስቲን ካብ ሲክብ ያገኘው ቀን ግን ሁለቱም እጆቹ መሪው ላይ እንዳሉ ያልፋል።

«የቦቴውን ድምፅ ስትሰማ ለምን ወደ ቤት አትገባም?» አልኩት ፌስቲን አንድ ቀን።

«እገባ ነበር እኮ» አለኝ። «አሁን ተውኩት። እሱ ባያነሳልኝም እኔ ላንሳለት።»

እና ቦቴው ከኩርባው ብቅ ሲል የያዘውን ድንጋይ ያስቀምጣል፣ ቀና ብሎ ይቆማል፣ እጁን ያነሳል። ማላኪ ፊቱን ወደ መንገዱ አድርጎ ያልፋል። ፌስቲ ቦቴው እስኪሰወር እጁን አያወርድም፤ ከዚያ ድንጋዩን አንስቶ ሥራውን ይቀጥላል።